የወንዙ ኦክሲጅን በጣም የሚያንሰው የት ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ፣ የተላኩባቸው ቦታዎች ቢራራቁም፣ የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው፤ ይኸውም ወደ ጅረትና ወደ ወንዝ የሚለቀቅ ፍሳሽ ቆሻሻ በውኃው ውስጥ በሟሟው ኦክሲጅን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በስሌት አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችለው እንዴት እንደሆነ ነው። ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለእነዚህ ጥያቄዎች ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ በደቡብ ወሎ በአንድ ወረዳ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። በከተማችን ዳር ያለ አንድ ፋብሪካ ፍሳሹን ወደ ጅረት ይለቃል። ባለፈው ጥር ከቱቦው ሁለት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብለን ስንለካ የሟሟው ኦክሲጅን በሊትር 6 ሚሊግራም ሆኖ ስላገኘነው «ችግር የለም» የሚል ሪፖርት አቀረብን። ወደ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብለው የሚኖሩት ገበሬዎች ግን በማለዳ ወንዙ ዳር የሞተ ዓሣ እያገኙ መሆኑን ደጋግመው ይነግሩናል። የፋብሪካው ሰዎች «በእኛ ደጃፍ ውኃው ደኅና ከሆነ አሥር ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚሞተው ዓሣ አንጠየቅም» ይላሉ። እውነቱ ከማን ዘንድ ነው?

መልስ፦ ልኬታችሁም የገበሬዎቹ ቃልም ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስሕተቱ ያለው የፋብሪካው ሰዎች ከልኬቱ ባወጡት ድምዳሜ ላይ ነው። ፍሳሹ ውስጥ ያለው ብስባሽ ነገር የወንዙን ኦክሲጅን በገባበት ቅጽበት አይጨርሰውም። ኦክሲጅኑን የሚጠቀሙት ቆሻሻውን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ ሥራቸውም ሰዓታትን፣ አንዳንዴም ቀናትን ይወስዳል፤ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ደግሞ ውኃው እየፈሰሰ ይርቃል። ስለዚህ ጉዳቱ የሚታየው ምክንያቱ ካለበት ስፍራ ርቆ ነው።

በወንዙ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ሥራዎች ጎን ለጎን ይካሄዳሉ። በአንድ በኩል ተሕዋስያኑ ኦክሲጅኑን ይወስዳሉ፤ የሚወስዱበት ፍጥነት ገና ካልተብላላው ቆሻሻ መጠን ጋር የተመጣጠነ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ከፍተኛ ሆኖ እያደር ይቀንሳል። በሌላ በኩል በውኃው ገጽ አማካይነት ከአየር አዲስ ኦክሲጅን ይገባል፤ ይህ ደግሞ ውኃው ሊይዘው ከሚችለው መጠን የጎደለው በበዛ ቁጥር ይፈጥናል። ከቱቦው ሥር የሚወጣው ከሚገባው ስለሚበልጥ ኦክሲጅኑ ይወርዳል፤ ወደ ታች በሄደ መጠን ወጪው እየቀነሰ ገቢው እየጨመረ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ እኩል ይሆናሉ። ኦክሲጅኑ ከሁሉ የሚያንሰው እዚያ ቦታ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወንዙ ቀስ በቀስ ያገግማል። ይህን ሒደት በቀመር ያስቀመጡት ስትሪተርና ፌልፕስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ የኦሃዮ ወንዝን ብክለት ለአገራቸው የሕዝብ ጤና አገልግሎት አጥንተው ውጤቱን ያወጡት በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠሩት ሰፋፊ የወንዝ ሞዴሎች ብዙ ነገር ቢጨምሩበትም መሠረታቸው ይኸው ቀመር ነው።

ቀመሩ አምስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ፍሳሹና ወንዙ ከተቀላቀሉ በኋላ ያለውን የኦክሲጅን ፍላጎት (ቆሻሻው ተብላልቶ እስኪያልቅ ተሕዋስያኑ የሚወስዱትን የኦክሲጅን መጠን)፣ በዚያው ቦታ ያለውን የኦክሲጅን ጉድለት፣ ቆሻሻው የሚብላላበትን ፍጥነት፣ ከአየር ኦክሲጅን የሚገባበትን ፍጥነት፣ እንዲሁም ውኃው የተጓዘበትን ጊዜ። የእናንተን ጅረት ቁጥሮች ስላላየናቸው፣ በ1,850 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ አንድ ጅረት እንዳለ አስበን የራሳችንን ምሳሌ እንስጥ። ጅረቱ በበጋ በሰከንድ 0.4 ሜትር ኩብ ውኃ ይፈሳል፤ ከፋብሪካው በላይ የሟሟው ኦክሲጅን በሊትር 6.8 ሚሊግራም፣ ጠቅላላ የኦክሲጅን ፍላጎቱ ደግሞ 3 ሚሊግራም ነው። ፋብሪካው በሰከንድ 0.05 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ይለቃል፤ የፍሳሹ ጠቅላላ የኦክሲጅን ፍላጎት በሊትር 180 ሚሊግራም ሲሆን በራሱ ኦክሲጅን የለውም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የኦክሲጅን ፍላጎቱ ወደ 22.7 ሚሊግራም ይወጣል፤ የሟሟው ኦክሲጅን ግን ገና 6 ሚሊግራም ነው። እናንተ በጥር ያገኛችሁትም ይህንኑ የሚመስል ቁጥር ነው።

ውኃው በሰከንድ 0.15 ሜትር እየተጓዘ ጥልቀቱ 0.8 ሜትር ከሆነ ከአየር የሚገባው ኦክሲጅን ፍጥነት በቀን የጉድለቱ 2.1 እጥፍ አካባቢ ይሆናል፤ ቆሻሻው የሚብላላበትን ፍጥነት በቀን ገና ያልተብላላው 0.6 እጅ ብንወስድ ደግሞ ኦክሲጅኑ ከሁሉ የሚያንሰው ፍሳሹ ከተቀላቀለ ከ18 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ከቱቦው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ነው። በዚያ ቦታ የሚቀረው በሊትር 3.1 ሚሊግራም ብቻ ነው። ብዙ አገሮች ለዓሣ ኑሮ የሚበጀውን ዝቅተኛ መጠን 5 ሚሊግራም ላይ ስለሚያስቀምጡት፣ የገበሬዎቹ አቤቱታ በስሌት ጭምር የሚደገፍ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በደጋና በወይና ደጋ ለምንኖር ሰዎች ከዚህ ስሌት ጋር አብሮ ሊታይ የሚገባው አንድ ነገር አለ። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ንጹሕ ውኃ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን መያዝ ይችላል። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በዚያው ሙቀት በ1,850 ሜትር ላይ ሊይዝ የሚችለው 7.2፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ 6.8 ገደማ ብቻ ነው። ከላይ የጠቀስነውን ጅረት፣ ከፋብሪካው በላይ ያለውን ጉድለት ጨምሮ ሌላውን ሁሉ ሳንለውጥ፣ በባሕር ጠለል ላይ ብናስበው ዝቅተኛው መጠን 4.9 ሚሊግራም አካባቢ ይሆን ነበር። እኩል ፍሳሽ፣ እኩል ፍሰት፣ ሆኖም በአንደኛው ዓሣው ሊተርፍ፣ በሌላኛው ሊሞት ይችላል። የእኛ ወንዞች ጉዟቸውን የሚጀምሩት አነስተኛ ስንቅ ይዘው ነው፤ ስለዚህ በቆላማ አገሮች ልምድ ላይ የተመሠረተ የፍሳሽ ገደብን እንዳለ መገልበጥ አደገኛ ነው ብለን በጽኑ እናምናለን።

ወቅቱም ከከፍታው ያላነሰ ለውጥ ያመጣል። ያው ጅረት በነሐሴ በሰከንድ 6 ሜትር ኩብ ቢፈስና በፍጥነት ቢጓዝ፣ ያው ፍሳሽ ኦክሲጅኑን ከ6.4 ሚሊግራም በታች አያወርደውም። የክረምቱንና የበጋውን ልኬት ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ሪፖርት መልካም አማካይ ቢያሳይም፣ ዓሣው የሚኖረው ግን በአማካዩ ውስጥ አይደለም፤ በየካቲትና በመጋቢት ነው።

አሁን ምን ታደርጋላችሁ? በመጀመሪያ፣ ሁለት መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ የተወሰደው ናሙና ፍሳሹ ከወንዙ ጋር በሚገባ ሳይቀላቀል የተወሰደ ሊሆን ይችላል፤ ፍሳሽ የአንዱን ዳር ይዞ ረጅም ርቀት መጓዝ ስለሚችል ከግራ፣ ከመካከልና ከቀኝ መለካት ይኖርባችኋል። ቀጥሎ፣ ውኃው ከቱቦው እስከ ገበሬዎቹ ቦታ የሚወስድበትን ጊዜ ገምታችሁ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ለኩ። ሰዓቱም ከቦታው እኩል ያስፈልጋል። በወንዙ ውስጥ ያሉት ዋቅላሚዎችና ሌሎች ዕፀዋት ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅን ያመነጫሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም ይተነፍሱታል፤ በመሆኑም ከቀኑ 9 ሰዓት የተለካው ከፍተኛው፣ ከንጋቱ 11 እና 12 ሰዓት የተለካው ደግሞ ዝቅተኛው ይሆናል። የመንግሥት ሠራተኛ ከቢሮ ወጥቶ፣ መኪና አግኝቶ ወንዙ ዳር የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ገበሬዎቹ ግን ዓሣውን የሚያገኙት በማለዳ እንደሆነ ነግረዋችኋል። መለኪያችሁም በየቦታው ከፍታና የአየር ግፊት ልክ መስተካከሉን አረጋግጡ፤ በባሕር ጠለል ልክ የተስተካከለ መሣሪያ በእናንተ አካባቢ ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣችኋል።

ለፋብሪካው ፍትሐዊ ለመሆንም በመካከል ያሉትን ሌሎች ምንጮች፣ ማለትም የሚገቡ ጅረቶችን፣ የቄራ ፍሳሽን፣ የልብስ ማጠቢያና የከብት መዋያ ቦታዎችን መዝግቡ። ሞዴሉ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው፤ የፋብሪካው ድርሻ ብቻውን ኦክሲጅኑን እስከ ምን ድረስ እንደሚያወርደው ለይቶ ያሳያል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የአካባቢ ደረጃዎችን ጥሶ እንዳይበክል ይከለክላል፤ ክርክሩ ከአስተዳደር መድረክ በደረሰ ጊዜ ከአንድ ነጥብ ልኬት ይልቅ እንዲህ ያለው በስሌት የተያያዘ ማስረጃ የበለጠ ክብደት ይኖረዋል። መፍትሔውንም በቁጥር መናገር ያስችላል፦ በእኛ ምሳሌ የፍሳሹ የኦክሲጅን ፍላጎት ከ180 ወደ 90 ሚሊግራም ቢወርድ በወንዙ ውስጥ ዝቅተኛው መጠን ከ3.1 ወደ 4.8 ከፍ ይላል፤ 5 ሚሊግራም ላይ ለማድረስ ደግሞ ፍሳሹን ወደ 80 ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ለፋብሪካው «ብክለት ቀንስ» ከማለት «በበጋ ወራት ከ80 አታሳልፍ» ማለት ለሁለቱም ወገን ይሻላል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ቢኦዲ የተባለው የኦክሲጅን ፍላጎት መለኪያ ለምን በአምስት ቀን ይወሰናል? አራት ወይም አሥር ቀን ያልሆነበት ምክንያት አለን?

መልስ፦ ልማዱ የመጣው ከብሪታንያ ነው። በዚያ አገር የፍሳሽ አወጋገድን እንዲያጠና የተቋቋመው የንጉሣዊ ኮሚሽን በ1912 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስምንተኛ ሪፖርቱ ናሙናው ለአምስት ቀን በ65 ዲግሪ ፋራናይት ተቀምጦ እንዲለካ ሐሳብ አቀረበ። ለዚህ በሰፊው የሚሰጠው ምክንያት የብሪታንያ ወንዞች ከምንጫቸው እስከ ባሕር ለመድረስ ከአምስት ቀን የበለጠ አይወስድባቸውም የሚል ነው። ያው ኮሚሽን የታከመ ፍሳሽ ቢኦዲው በሊትር ከ20፣ ተንሳፋፊ ጠጣሩ ከ30 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የመከረ ሲሆን፣ ይህን ያለው ግን ወንዙ ፍሳሹን ቢያንስ ስምንት እጥፍ እንዲያቀጥነው ታስቦ ነው። 20 እና 30 የተባሉት ቁጥሮች በዓለም ዙሪያ ሲገለበጡ ስምንት እጥፍ የምትለዋ ሁኔታ በብዙ ቦታ ተረስታለች። በበጋ ወንዙ ራሱ ከፍሳሹ እምብዛም በማይበልጥበት አገር ይህ መረሳቱ ያሳስበናል።

ለተማሪዎችዎ ሊነግሯቸው የሚገባው ዋናው ነገር የአምስት ቀኑ ውጤት የጠቅላላው ፍላጎት አንድ ክፍል ብቻ መሆኑን ነው። ለመኖሪያ ቤት ፍሳሽ በተለምዶ ከሚወሰደው የመብላላት ፍጥነት ስንነሣ፣ በአምስት ቀን የሚለካው ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ከብሪታንያ ወንዞች በተለየ አዋሽ ደግሞ ባሕር የሚባል ነገር አይደርስም፤ ጉዞውን የሚጨርሰው በአፋር፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ነው። ስለዚህ ወደ ቀመሩ የሚገባው የአምስት ቀኑ ሳይሆን ጠቅላላው የኦክሲጅን ፍላጎት ሊሆን ይገባል፤ ከላይ ባለው ምሳሌያችን «ጠቅላላ» ያልነውም ስለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴን በአንድ አነስተኛ ወንዝ ላይ እየሠራሁ ነው። ቆሻሻው የሚብላላበትንና ከአየር ኦክሲጅን የሚገባበትን ፍጥነት ከውጭ አገር መጻሕፍት ሠንጠረዥ መውሰድ እችላለሁን? የወንዝ ውኃን ጥራት በሚያሰላው፣ ኳል2ኬ በተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለመጠቀም አስቤያለሁ።

መልስ፦ ሠንጠረዡ የመነሻ ግምት ይሰጥዎታል፤ የመጨረሻ መልስ አድርገው ግን አይውሰዱት። የመብላላቱ ፍጥነት በላቦራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ ሲለካና በወንዙ ውስጥ ሲሆን አንድ አይደለም። ጥልቀት በሌለው፣ ድንጋያማ ጅረት ውስጥ ተሕዋስያኑ በድንጋዮቹ ላይ ተለጥፈው ስለሚሠሩ ፍጥነቱ ከጠርሙሱ ብዙ ሊበልጥ ይችላል። በወንዙ ላይ ለማግኘት፣ አዲስ ፍሳሽ በማይገባበት ክፍል በተለያዩ ነጥቦች ላይ ጠቅላላውን የኦክሲጅን ፍላጎት ይለኩና ከተጓዘበት ጊዜ ጋር አያይዘው እንዴት እንደሚቀንስ ይመልከቱ። በዚህ ጊዜ ከታች ደለል ሆኖ የቀረው ቆሻሻ ከውኃው ስለጠፋ ብቻ እንደተብላላ እንዳይቆጥሩት ይጠንቀቁ።

ከአየር ለሚገባው ኦክሲጅን በብዛት የሚሠራበት የኦኮነርና የዶቢንስ ቀመር ነው፤ የውኃውን ፍጥነት ስኩዌር ሩት በ3.93 አባዝቶ፣ ጥልቀቱ ወደ አንድ ነጥብ አምስት ኃይል ከፍ ሲል በሚገኘው ቁጥር ያካፍላል። ጥልቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ውጤቱ ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ ያስተውሉ፤ ስለዚህ ጥልቀትን በአንድ ድልድይ ሥር ብቻ ለክቶ ለአሥር ኪሎ ሜትር መጠቀም ከሁሉ የከፋው የስሕተት ምንጭ ነው። ቀመሩ የተዘጋጀው ዝግ ብለው ለሚፈሱና ጥልቀት ላላቸው ወንዞች ነው፤ ለቀጫጭን ጅረቶች የኦወንስና የጊብስ ቀመር ይሻላል፤ ፏፏቴና ድንጋያማ ቁልቁለት ባለበት ቦታ ደግሞ ሁለቱም ከእውነቱ ያነሰ ሊሰጡ ይችላሉ። ሁሉም ፍጥነቶች በ20 ዲግሪ የሚጻፉ ስለሆነ ወደ ወንዝዎ ሙቀት መለወጥን አይርሱ፤ ውኃው ከ20 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ ቆሻሻው የሚብላላበት ፍጥነት በሩብ ያህል ይጨምራል፣ ውኃው የሚይዘው ኦክሲጅን ግን ይቀንሳል።

የጉዞ ጊዜን ለመለካት ውድ መሣሪያ ባይኖርዎ አይጨነቁ። የተመዘነ ጨው በውኃ አሟሙቶ በአንድ ጊዜ በማፍሰስና ከታች በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ በመጠበቅ በአነስተኛ ጅረት ላይ ጥሩ ውጤት ይገኛል። ብርቱካንም ይሆናል፤ ከሞላ ጎደል ጠልቆ ስለሚንሳፈፍ ነፋስ እምብዛም አይገፋውም፤ ሆኖም የሚያሳየው የላዩን ፍጥነት ስለሆነ አማካዩን ለማግኘት በ0.85 ገደማ ማባዛት ያስፈልጋል።

ስለ ኳል2ኬ፦ ያለ ክፍያ የሚገኝ፣ በኤክሴል ላይ የሚሠራ፣ ናይትሮጅንን፣ ዋቅላሚዎችንና የቀንና የሌሊቱን ልዩነት የሚያካትት ጠንካራ ፕሮግራም ነው። ይሁን እንጂ አስቀድመው በስትሪተርና በፌልፕስ ቀመር በእጅዎ ያስሉ። ፕሮግራሙ የሚሰጥዎ ውጤት ከእጅ ስሌትዎ በጣም ከራቀ ምክንያቱን ሳያውቁ ወደ ፊት አይሂዱ። ሞዴሉን በአንድ ዙር ልኬት ካስተካከሉት በኋላ፣ ቁጥሮቹን ሳይነኩ በሌላ ወቅት በተወሰደ ልኬት ይፈትኑት። ሁለቱንም ዙሮች ለማስተካከያ ከተጠቀሙባቸው ሞዴሉ የሚያውቀውን ይደግምልዎታል እንጂ ነገ ስለሚሆነው የሚነግርዎ ነገር አይኖርም። ፈታኞችዎ ባይጠይቁዎት እንኳ ይህን ምዕራፍ ጥናትዎ ውስጥ ያስገቡት።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአዲስ አበባ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነው። በበጋ የወንዛችን ውኃ ጠቁሮ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። እንዲህ ላለ ወንዝ ሞዴል መሥራት ምን ይጠቅማል? መሞቱን ዓይናችን እያየ አይደለምን?

መልስ፦ ሐዘንዎን እንጋራለን፤ መሞቱን ለማወቅ ሞዴል እንደማያስፈልግም እንስማማለን። የሚገልጹት ሽታና ጥቁረት ኦክሲጅኑ ጨርሶ ሲያልቅ የሚመጣ ምልክት ነው፤ ያለ ኦክሲጅን የሚኖሩት ተሕዋስያን በውኃው ውስጥ ካለው ሰልፌት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣሉ፤ ይኸው ጋዝ ከብረት ጋር ተዋህዶ ደለሉን ያጠቁረዋል።

በዚህ ደረጃ ላይ የስትሪተርና የፌልፕስ ቀመር እንዳለ አይሠራም። ቁጥሮቹን ብናስገባ ከዜሮ በታች የሆነ ኦክሲጅን ይሰጠናል፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በተፈጥሮ የለም። በእውነቱ የሚሆነው፣ ኦክሲጅን ዜሮ በሆነበት ክፍል ቆሻሻው በኦክሲጅን የሚብላላው ከአየር በሚገባው ልክ ብቻ ስለሚሆን፣ የተበላሸው የወንዙ ክፍል ቀመሩ ከሚለው እየረዘመ መሄዱ ነው። የታችኛው ደለልም ከላዩ ውኃ ኦክሲጅን ስለሚወስድ፣ ዛሬ ፍሳሹ ሁሉ ቢቆም እንኳ ወንዙ ነገ አያገግምም።

ሞዴሉ የሚጠቅመው ምን ያህል መቀነስ እንዳለበትና ከየት መጀመር እንደሚገባ ለመወሰን ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ከመድረሳቸው በፊት ከመኖሪያ ቤት፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድ፣ ከጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ከቆዳና ከሌሎች ፋብሪካዎች የሚመጣውን ሁሉ ይሸከማሉ። የቃሊቲው ማጣሪያ ጣቢያ ማከም የሚችለው በመስመር የደረሰውን ብቻ ነው። በየክፍሉ የሚገባው ጭነት በኪሎግራም ተመዝግቦ ወደ ሞዴሉ ቢገባ፣ አንድ ሰፈር ከፍሳሽ መስመር ጋር ቢገናኝ ወይም አንድ ፋብሪካ ማጣሪያውን ቢያሠራ በታች ባለው ወንዝ ላይ የሚመጣውን ለውጥ ማነጻጸር ይቻላል። ገንዘብ በተወሰነበት ከተማ ይህ ከንቱ ድካም አይደለም።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ በዚሁ ውኃ ይለማል። ኦክሲጅን ተሻሻለ ማለት ውኃው ለአትክልት ወይም ለሰው ጤና ተስማማ ማለት አይደለም፤ ከቆዳ ፋብሪካ የሚመጣ ክሮሚየምና በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በኦክሲጅን ሞዴል ውስጥ አይታዩም፤ የራሳቸው ምርመራ ያስፈልጋቸዋል።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ በአንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ እሠራለሁ። በሥራ ፈቃዳችን ላይ ያለው የአሞኒያ ገደብ በሞቃቱ ወራት ከቀዝቃዛው ይልቅ ጥብቅ ነው። ቢኦዲው ጥሩ ሆኖ ሳለ ስለ አሞኒያ ይህን ያህል የሚጨነቁት ለምንድን ነው? ለአገራችንስ የሚሆን ትምህርት አለውን?

መልስ፦ አሞኒያ ለዓሣ በራሱ መርዝ ከመሆኑም በላይ ኦክሲጅንን ክፉኛ ይበላል። ተሕዋስያን በአሞኒያ መልክ ያለ አንድ ግራም ናይትሮጅንን ወደ ናይትሬት ሲለውጡ 4.57 ግራም ኦክሲጅን ይፈልጋሉ። ቢኦዲውን ወደ 15 ሚሊግራም ያወረደ፣ ነገር ግን 25 ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን የሚለቅ ጣቢያ በወረቀት ላይ የተመሰገነ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ወንዙ የሚልከው በናይትሮጅን መልክ ብቻ ከ110 ሚሊግራም የሚበልጥ የኦክሲጅን ፍላጎት ነው። እነዚህ ተሕዋስያን ዘግይተው ስለሚባዙ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከመጀመሪያው ዝቅተኛ ነጥብም በታች ርቆ ነው። ቅዝቃዜ ሥራቸውን ያዳክመዋል፤ በሞቃት ወቅት ግን ይበረታሉ፣ ውኃው የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል፣ በእናንተ አካባቢም በሞቃቱ ወራት መጨረሻ የወንዞች ፍሰት ያንሳል። ሦስቱ አንድ ላይ ስለሚገጥሙ ፈቃዱ በዚያን ጊዜ ጥብቅ ይሆናል፤ ይህን ዓይነቱን ገደብ ለማውጣትም ዝቅተኛውን ፍሰት መነሻ ያደረገ የኦክሲጅን ሞዴል ይሠራበታል።

በኢትዮጵያ ገደቡ የሚጠብቅበትን ወር ከአሜሪካ የቀን መቁጠሪያ መቅዳት አይቻልም፤ አብዛኞቹ የደጋ ወንዞቻችን በሐምሌና በነሐሴ ሞልተው፣ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይመነምናሉ። ስለዚህ ወቅታዊ ገደብ ቢወጣ ጥብቅ መሆን ያለበት በእነዚህ ደረቅ ወራት ነው፤ በልግ በሚዘንብባቸው አካባቢዎች ደግሞ የወንዙ የፍሰት መዝገብ ታይቶ ይወሰናል። ሰፊ ቦታ ያላቸው ፋብሪካዎች የበጋ ፍሳሻቸውን ከፊሉን በኩሬ አቆይተው ወንዙ ሲሞላ ቀስ በቀስ ቢለቁት፣ ያው ጭነት ያነሰ ጉዳት እንደሚያደርስ በዚሁ ቀመር ማስላት ይቻላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ፍሳሹ በወንዙ ውስጥ ተብላልቶ ሊጠፋ የሚችል ብቻ ሲሆን ነው፤ ከባድ ብረት ወይም የማይበሰብስ ቀለም ያለበት ፍሳሽ በክረምትም ቢለቀቅ ወርዶ በደለሉ ውስጥ ይቀመጣል።